ትምህርት ግዴታ የሆነው በማን ላይ ነው?

ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አራት ኪሎ፣ ከድል ሐውልቱ ትንሽ ወረድ ብሎ ካለ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጫማዬን እያስጠረግሁ ነበር። ሊስትሮው ዐሥራ አንድ ወይም ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ከፊታችን ዩኒፎርም የለበሱ፣ የረፈደባቸው ልጆች ቦርሳቸው ጀርባቸው ላይ እየዘለለ ይሮጣሉ። ከጎኔ ተራ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ሊስትሮውን ትኩር ብለው አዩትና «አንተ ልጅ፣ በትምህርት ሰዓት እዚህ ምን ታደርጋለህ? ትምህርት እኮ ግዴታ ሆኗል» አሉት። ልጁ ብሩሹን ሳያቋርጥ «አልመዘገቡኝም አባባ» አለ። አጠገባችን የቆመ ወጣት ከስልኩ ቀና ብሎ «ይተዉት አባባ፤ ትምህርት ቤትን የፈጠረችው የጀርመኗ ፕሩሲያ ናት። ለፋብሪካ የሚሆን ታዛዥ ሠራተኛ ለማምረት ነው የተፈጠረው» አላቸው።

አዛውንቱ ዝም አሉ። የእኔም ጫማ አልቆ ስለነበር ሒሳቤን ከፍዬ ተነሣሁ። ሦስቱ የተናገሩት ግን ቀኑን ሙሉ ከልቤ አልወጣም። አዛውንቱ ስለ ሕጉ ተናገሩ፤ ወጣቱ ሕጉ ከየት እንደመጣ፤ ልጁ ደግሞ ሕጉ እሱ ዘንድ እንዳልደረሰ። ብዙ ዓመት ያስተማርሁ ሰው በመሆኔ ለሦስቱም መልስ ያለብኝ መስሎ ተሰማኝ። የውጭውን ዘመን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የራሳችንን በዓመተ ምሕረት እጽፋለሁ።

መማርና ለመማር መገደድ

ትምህርት ቤት አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ አገር ፊደል ያስቆጠሩ፣ ዳዊት ያስደገሙ፣ ዜማና ቅኔ ያስተማሩ የኔታዎች ከማንኛውም የትምህርት ሚኒስቴር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ። በሐረርና በወሎ ልጆችን በሉህ ላይ እያስጻፉ ቁርአን ያስቀሩ ሸኾችም እንዲሁ። ይሁንና የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ሲዞር ንጉሥ አስገድዶት አልነበረም። እንዲያውም ብዙው ወላጅ ሳያውቅ፣ ከከብት ጥበቃ ጠፍቶ የሄደ ነው። መንደሩ ቁራሽ እየሰጠ ያኖረዋል፤ ቢተወውም የሚቀጣው ሕግ የለም።

የግዴታ ትምህርት ሌላ ነው። መንግሥት «ከዚህ ዕድሜ እስከዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሁሉ፣ የድሃም የሀብታምም፣ ወንዱም ሴቷም ይማር፤ ልጁን ያስቀረ ወላጅ ይቀጣል» ሲል ነው የግዴታ ትምህርት የሚባለው። ልጅ ሁሉ፣ የመንግሥት ሥልጣንና ቅጣት በአንድ ሕግ ውስጥ ከተገናኙ ገና አምስት መቶ ዓመት አልሞላም። ከዚያ በፊት ፍንጮች ነበሩ። የአይሁድ ትውፊት ኢያሱ ወልደ ጋምላ የተባለ ሊቀ ካህናት በመጀመሪያው ምእተ ዓመት በየከተማው መምህር እንዲመደብና ልጆች ከስድስትና ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ እንዲገቡ ማዘዙን ይናገራል። ዛሬ የምናውቀው ሕግ ሐረግ ግን የሚመዘዘው ከጀርመን ምድር ነው፤ መነሻውም ፋብሪካ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነበር።

ማርቲን ሉተር ምእመን ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ ያንብብ ብሎ ሲነሣ ወዲያው አንድ ችግር ገጠመው፤ አብዛኛው ሰው ማንበብ አይችልም። በ1524 እ.ኤ.አ. ለጀርመን ከተሞች ሹማምንት ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ጻፈ። በ1530 ደግሞ ከዚያ አልፎ ሄደ። ገዥዎች ጦርነት ሲመጣ ሰውን ጦርና ጠመንጃ እንዲሸከም የሚያስገድዱ ከሆነ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት እንዲያቆይ ማስገደድ እንዴት ይበልጥ አይገባቸውም ብሎ ሰበከ። ይህን ንጽጽር ልብ እንበለው፤ ወታደርና ተማሪ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የተቀመጡት ገና ከጅምሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ትናንሾቹ የጀርመን ግዛቶች አንድ በአንድ ሕግ አወጡ። ከሁሉም ይበልጥ የሚገርመኝ የቫይማር የ1619 ደንብ ነው። ቄሱና መምህሩ በየአጥቢያቸው ያሉትን ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸውን ወንዶችና ሴቶች ልጆች ሁሉ በዝርዝር እንዲይዙ ያዝዛል። ልጁን ለማስገደድ መጀመሪያ መኖሩን ማወቅ ያስፈልግ ነበርና ግዴታው የተጀመረው ስም በመጻፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ስለነበራት ዝርዝሩን ማውጣት ይቻል ነበር። ይህን ነገር ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

አትላንቲክን ተሻግረው ማሳቹሴትስ የሰፈሩት ፕሮቴስታንቶችም በተመሳሳይ መንፈስ በ1642 ወላጆች ልጆቻቸው ማንበብ እንዲችሉ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለባቸው ደነገጉ። በ1647 ሃምሳ አባወራ ያለበት ከተማ ሁሉ መምህር እንዲቀጥር፣ መቶ የደረሰው ደግሞ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት እንዲከፍት አዘዙ። የሕጉ መግቢያ ምክንያቱን ሲገልጽ ሰይጣን ሰዎችን ከቅዱሳት መጻሕፍት እውቀት ማራቅ ስለሚሻ ነው ይላል። በእነዚህ ሁለት ሕጎች መካከል ባሉት አምስት ዓመታት የተለወጠውን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ሸክሙን በወላጅ ላይ ብቻ ጣለ፤ ሁለተኛው መምህር የመቅጠሩን ሸክም በከተማው ላይ ጨመረ። የግዴታ ትምህርት ታሪክ ከዚህ ወዲያ በየአገሩ ይህንኑ መንገድ ሲደግም ይታያል። ቀንበር በአንድ በሬ አይጠመድም፤ ወላጁን ብቻ የጠመደ ሕግ ያረሰበት አገር የለም።

ስለ ፕሩሲያ

አሁን ወደ ወጣቱ ንግግር ልምጣ። ፕሩሲያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም እንዳላት እውነት ነው። ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ቀዳማዊ በ1717 ትምህርት ቤት ባለበት ቦታ ሁሉ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲልኩ አዋጅ አወጣ። ልጁ ታላቁ ፍሬድሪክ ደግሞ የሰባት ዓመቱ ጦርነት ባበቃበት በ1763 ዮሐን ዩልየስ ሄከር በተባለ ቄስና የትምህርት ሰው የተረቀቀ ሰፊ የገጠር ትምህርት ቤቶች ደንብ አወጀ። ልጆች ከአምስት ዓመታቸው እስከ ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ድረስ ይማሩ፤ የማይልክ ወላጅ መቀጮ ይክፈል፤ የትምህርት ክፍያውን መክፈል ለማይችለው ድሃ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመንደር ገንዘብ ይክፈልለት ይላል። በሞቃቱ ወራት ልጆች ከብት ስለሚጠብቁ የትምህርቱ ሰዓት እንዲያጥር ይፈቅዳል። ይህን የጻፈ ሰው የገበሬ ቤት ምን እንደሚመስል ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ፋብሪካው የት አለ? በ1763 ፕሩሲያ የገበሬና የባላባት አገር ነበረች። ያን ጊዜ ፋብሪካ ማቆጥቆጥ የጀመረው በእንግሊዝ ነው። እንግሊዝ ደግሞ ልጆችን በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲማሩ ያስገደደችው በ1880 ነው፤ ከፕሩሲያ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይታ። ፋብሪካ ትምህርት ቤትን ወልዶ ቢሆን ኖሮ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። በእውነቱ በዘመኑ የፋብሪካ ባለቤት ልጁን የሚፈልገው ክፍል ውስጥ ሳይሆን ማሽኑ ሥር ነበር፤ ትናንሽ ጣቶች የተበጠሰ ክር ይቀጥላሉ፤ ደመወዛቸውም ትንሽ ነው። የእንግሊዝ የ1833 የፋብሪካ ሕግ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያሉ ልጆች በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይሠሩ ከለከለ፤ እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያሉት ደግሞ በቀን ሁለት ሰዓት እንዲማሩ አዘዘ። ፕሩሲያም ፋብሪካ ሲመጣባት በ1839 ተመሳሳይ ገደብ አወጣች። ለዚህ አንዱ ምክንያት አንድ ጄኔራል ፋብሪካ የበዛባቸው ወረዳዎች ጤነኛ ምልምል ወታደር ማቅረብ አቃታቸው ብሎ ለንጉሡ ማሳወቁ ነው። ፋብሪካና ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ ሲሻሙ እንጂ ተስማምተው ሲያሳድጉት አናይም።

የወጣቱ ንግግር ግን ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም፤ ይህንንም በቅንነት መናገር ይገባል። «ታዛዥ» ያለው እውነት አለው። ነገሥታቱ የፈለጉት ግብሩን የሚከፍል፣ ትእዛዝ የሚያነብ፣ ለአምላኩና ለንጉሡ የሚታዘዝ ሕዝብ ነበር። ታላቁ ፍሬድሪክ በ1779 ለሚኒስትሩ ሲጽፍ የገጠር ልጅ ጥቂት ማንበብና መጻፍ ከቻለ ይበቃዋል፤ ብዙ ካወቀ ወደ ከተማ ሮጦ ጸሐፊ ልሁን ይላል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። በዚያው ዓመት በጦርነት አካላቸው የጎደለ አሮጌ ወታደሮች፣ ማንበብና መጻፍ እስከቻሉ ድረስ፣ መምህር ሆነው እንዲመደቡ አዘዘ። በብዙ መንደር መምህሩ ልብስ ሰፊም ነበር፤ ልጆቹን ፊደል እያስጠራ መርፌውን ይወጋል። ደንቡ ያማረ፣ በጀቱ ባዶ ነበር። ስለዚህ የ1763ቱ ሕግ በብዙ ቦታ ለአሥርት ዓመታት ወረቀት ሆኖ ቆየ።

የተለወጠው በሽንፈት ነው። በ1806 ናፖሊዮን ፕሩሲያን በዬና አቅራቢያ ድል ነሣ፤ ከዚያም በርሊን ገባ። ያን ጊዜ ፊኽተ የተባለው ፈላስፋ ሕዝቡ የሚድነው በትምህርት ነው እያለ ተናገረ፤ ቪልሄልም ፎን ሁምቦልት የትምህርቱን ሥራ ያዘ፤ የመምህራን ማሠልጠኛዎች ተስፋፉ፤ መምህርነት የተማረ ሰው ሙያ ሆነ። ከሌላ አገር ሰዎች ሊያዩት መጡ። አሜሪካዊው ሆራስ ማን በ1843 ጎብኝቶ ሲመለስ ያደነቀው የግዳጁን ጥንካሬ ሳይሆን መምህራኑ ልጆቹን በምን ያህል ዝግጅትና ፍቅር እንደሚያስተምሩ ነው። የእሱ ግዛት ማሳቹሴትስ በ1852 ከስምንት እስከ ዐሥራ አራት ዓመት ያሉ ልጆች በዓመት ቢያንስ ዐሥራ ሁለት ሳምንት እንዲማሩ ያስገደደ ሕግ አወጣ። የመጨረሻዋ የአሜሪካ ግዛት ሚሲሲፒ እዚያ የደረሰችው በ1918 ነው።

ታዛዥ ያፈራል ተብሎ የተሠራው ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ታዛዥ ብቻ አላፈራም። በ1848 አብዮት አውሮፓን ካናወጠ በኋላ የፕሩሲያው ንጉሥ ጣቱን የቀሰረው በመምህራን ላይ ነበር፤ ሕዝቡን ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ አላቸው። የሁለቱን ኪሎዎች ታሪክ ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ከዚያው ግቢ የወጡ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ፓርላማው ፊት ተሰለፉ። ማንበብን ያስተማረ መንግሥት ምን እንደሚነበብ መወሰን አይችልም። ወጣቱን ዳግም ባገኘው የምነግረው ይህን ነው።

ሽንፈት፣ ክፍያ፣ ምሳ

ፈረንሳይም የተነሣችው በ1870 እና በ1871 በጀርመኖች ከተሸነፈች በኋላ ነው። የትምህርት ሚኒስትሩ ዡል ፌሪ በ1881 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ነጻ አደረገ፤ በ1882 ከስድስት እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት ላሉ ልጆች ግዴታና ከሃይማኖት የተለየ አደረገው። ቅደም ተከተሉን እንይ፤ መጀመሪያ ክፍያው ተነሣ፣ ከዚያ ግዴታው መጣ። ይህ ሥርዓት ግን ጥቁር ጎንም ነበረው። በብሬቶን ወይም በኦክሲታን ቋንቋ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ የውርደት ምልክት ይንጠለጠልበት ነበር። ልጁ ምልክቱን ማስተላለፍ የሚችለው ሌላ ጓደኛው በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ከያዘ ብቻ ነው። ግዴታ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲያመጣው ከእናቱ ቋንቋ ሊያርቀውም እንደሚችል እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን።

ጃፓን ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። የንጉሠ ነገሥት ሜጂ መንግሥት በ1872 ባወጣው የትምህርት ሕግ መግቢያ ላይ ከእንግዲህ በመንደር ውስጥ ያልተማረ ቤተሰብ፣ በቤተሰብ ውስጥ ያልተማረ ሰው እንዳይኖር ብሎ ጻፈ። ነገር ግን ወጪውን በአብዛኛው መንደሩ ይሸከም፣ ወላጅም በየወሩ ይክፈል ተባለ። ገበሬው ልጁን ከእርሻ አጥቶ፣ በዚያ ላይ ገንዘብ ሊከፍል? በ1873 በተለያዩ አውራጃዎች ሕዝቡ ተነሥቶ ትምህርት ቤቶችን አቃጠለ። መንግሥት በ1900 የትምህርት ክፍያን ሲያነሣ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዐሥር ልጆች ዘጠኙ ትምህርት ቤት ገቡ። የሰዉ ልብ በአንድ ትውልድ እንዲህ አልተገለበጠም። ሸክሙ ነው የተነሣው።

እንግሊዝም እንዲሁ። በ1870 ትምህርት ቤት በሌለበት ቦታ እንዲሠራ ሕግ ወጣ፤ በ1880 ከአምስት እስከ ዐሥር ዓመት ግዴታ ሆነ፤ ክፍያው በአብዛኛው የቀረው በ1891 ነው። ከዚያ በኋላ መምህራን ያልተጠበቀ ነገር አዩ፤ የድሃ ልጆች መጥተዋል፣ ግን ከረኃብ የተነሣ ጠረጴዛ ላይ ይተኛሉ። በ1906 የአካባቢ አስተዳደሮች ለተማሪዎች ምግብ እንዲያቀርቡ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ከመጀመሪያው ሕግ እስከ ምሳው ሠላሳ ስድስት ዓመት ፈጀ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረውን ምገባ የሚያይ ሰው ይህን ታሪክ ቢያስታውስ መልካም ነው። ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ለመጣ ልጅ ሳህኑ ፊደሉን ያህል ዋጋ አለው።

አንድ ነገር ደግሞ በአጭሩ። ግዴታው መማር ነው ወይስ የመንግሥት ትምህርት ቤት መግባት? አገሮች የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1925 የኦሪጎን ግዛት ልጆችን ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲማሩ ሊያስገድድ አይችልም ብሎ ፈረደ። በእንግሊዝ ወላጅ ልጁን በቤቱ ማስተማር ይችላል፤ በጀርመን ግን በአብዛኛው አይፈቀድም። የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 26 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ነጻና ግዴታ ይሁን ካለ በኋላ የትምህርቱን ዓይነት የመምረጥ ቀዳሚ መብት የወላጆች እንደሆነ ይጨምራል።

ከምኒልክ አዋጅ እስከ ዛሬ

እኛ ዘንድ ነገሩ ብዙ ሰው ከሚገምተው ቀድሞ ነው የተነሣው። ዐፄ ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. እንዳወጡት የሚጠቀሰው አዋጅ በሌላ አገር ሰዎች ይማራሉ፣ አዲስ ነገርም ይሠራሉ ብሎ ይጀምርና ከስድስት ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ሁሉ እንዲማሩ ያዝዛል። ቅጣቱ የትም አገር ያላየሁት ነው። ልጁን ሳያስተምር የሞተ ወላጅ ሀብቱ ለልጁ አይተላለፍም፤ ለመንግሥት ይሆናል። በርስት ለሚኖር ሕዝብ ከዚህ የከበደ ማስፈራሪያ አይገኝም። ግን አዋጁ በዚህ አያበቃም፤ ትምህርት ቤቱንና መምህሩን መንግሥቴ ያዘጋጃል ይላል። ማሳቹሴትስ በሁለት ሕግ ያደረገችውን ምኒልክ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት፤ ወላጁንም ራሳቸውንም ጠመዱ። ይህን አዋጅ ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይሞቃል።

አቅሙ ግን አልተከተለም። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1901 ዓ.ም. አንድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዛሬ ከአራት ኪሎ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ። ከአውሮፓ የሚመጣ መምህር የልጆቹን ሃይማኖት ያስለውጣል የሚል የቤተ ክህነት ስጋት ስለነበር መምህራኑ ከግብፅ ኮፕቶች ተመረጡ። የተማሩት ቋንቋ በአብዛኛው የውጭ ነበር፤ ተማሪዎቹም በአብዛኛው የመኳንንት ልጆች። ሕዝቡ ትምህርት ቤቱን «አስኳላ» አለው፤ ከየኔታው ቤት የተለየ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑ ከስሙ ያስታውቃል። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን፣ በ1924 ዓ.ም. ለሴቶች ልጆች እቴጌ መነን ተከተሉ። ከዚያ የጣሊያን ወረራ መጣ፤ የተማረው ወጣት ከተገደሉት ግንባር ቀደሙ ሆነ። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት የሚያስታውሰው የዚያን ዘመን ሰማዕታት ነው።

ከነጻነት በኋላ በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። ገበሬው ከፈለ፤ የከፈለበት ትምህርት ቤት ግን በብዙ ቦታ ከመንደሩ የቀናት መንገድ ርቆ ነበር የሚገኘው። በግንቦት 1953 ዓ.ም.፣ አፍሪካ አዳራሽ በተመረቀበት በዚያው ዓመት፣ የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ በ1980 እ.ኤ.አ. በመላው አፍሪካ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም፣ ግዴታና ነጻ እንዲሆን ግብ አስቀመጠ። ግቡን ያስተናገደችው አገር ከአህጉሩ ጥቂት ልጆች ብቻ ከሚማሩባቸው አንዷ ነበረች። በ1966 ዓ.ም. መንግሥት ለሁሉም ልጅ አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለማዳረስ ያለመ የትምህርት ጥናት ሲያቀርብ ደግሞ መምህራን አድማ መቱ፤ የከተማው ወላጅ የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊታገድ ነው ብሎ ተቆጣ። በየካቲት የፈነዳው አብዮት አንዱ ክብሪት ይህ ነበር። ጥናቱ ክፉ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ለሁሉም ይዳረስ ሲባል ከፍ ያለው ደረጃ ለድሃ ልጅ ይዘጋል የሚለውን ፍርሃት የሚያስወግድ ቃል አልሰጠም።

ደርግ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ጀመረ። በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች ተሰጠ። አያቶቻችን በቀበሌ አዳራሽ እርሳስ ጨብጠው ስማቸውን ጻፉ። ያ ግዴታ የመጣው በቀበሌ ትእዛዝ ነበር፤ ይሁንና ብዙ እናቶች እስከ ዛሬ በፍቅር ያነሡታል። ዓለምም በሽልማት አወቀው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምር ነው። እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያን አነሣ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ፈቀደ። ግዴታ ግን አላለም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 ትምህርትን ያሰፈረው የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ከሚሟሉት ጋር ነው። እንዲህም ሆኖ የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ ከ30 በመቶ በታች ከነበረበት ተነሥቶ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ በብዙ እጥፍ አደገ። ክፍሎች ሞሉ፤ ፈረቃ መጣ፤ በአንድ ዴስክ አራት ልጅ ተቀመጠ፤ የትምህርቱ ጥራት ተጎዳ። እኔ ራሴ ከሰባ በላይ ተማሪ ያለበትን ክፍል አስተምሬአለሁ፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለውን ልጅ ስም ለማወቅ እስከ ጥር ይፈጅብኝ ነበር። ነገር ግን ወላጁን ያመጣው ቅጣት አልነበረም። የትምህርት ቤቱ መቅረብ፣ የክፍያው መቅረትና ልጁ በቤቱ ቋንቋ መማሩ ናቸው ያመጡት።

«ግዴታ» የሚለው ቃል የተመለሰው በ2015 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ከቅድመ አንደኛ እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርት ነጻና ግዴታ እንዲሆን ያደርጋል። በዚህች ከተማ በሐምሌ 1982 ዓ.ም. የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም መሠረታዊ ትምህርት ነጻና ግዴታ እንዲሆን አገሮችን ይጠይቃል። አራት ኪሎ ያገኘኋቸው አዛውንት ትክክል ነበሩ።

ግን «አልመዘገቡኝም» ያለውስ? እዚህ ላይ ነው የቫይማሩ ዝርዝር ትዝ ያለኝ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደ ልጅ በብዙ ቦታ ከእናቱ ልብና ከክርስትናው ወይም ከስም አወጣጡ ቀን በቀር የተጻፈለት ነገር የለም። ስሙ በየትኛውም መዝገብ ላይ ያልሰፈረን ልጅ ሕጉ አያየውም፤ አላስተማርህም ተብሎ የሚጠየቅም አይገኝለትም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤት እየሠራች የምታድር የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ ወላጇ እዚህ የለም፤ አሠሪዋም ወላጅ አይደለሁም ይላል። ሕጉ «ወላጅ» ሲል በእርሷ ዘንድ የሚጠራው ማንን ነው? የእንግሊዝ ከተሞች ከ1870 በኋላ ከቤት ቤት እየዞረ «ይህ ልጅ ለምን ቀረ?» የሚል ሠራተኛ የቀጠሩት ለዚህ ነበር። እኛ በየወረዳው ግብር የሚሰበስብ፣ ግንባታ የሚቆጣጠር ሰው አለን። ልጅ የሚፈልግ ሰው መቅጠር ከአቅማችን በላይ ነው ብዬ አላምንም።

ከሦስት ቀን በኋላ ወደዚያው ጥላ ተመለስሁ። ልጁ እዚያው ነበር። ጫማዬ ንጹሕ ስለነበር ዝም ብዬ አጠገቡ ተቀመጥሁና ያልመዘገቡት ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«መሸኛ አምጣ አሉኝ ጋሼ። አገር ቤት ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። ስመጣ መሸኛ እንደሚያስፈልግ አላወቅንም።»

«የልደት ካርድስ?»

«እሱም የለኝም።»

ከማን ጋር እንደሚኖር ጠየቅሁት። ከአጎቱ ጋር ነው፤ አጎቱ የቀን ሥራ ይሠራል። ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሄዶ የጠየቀው ልጁ ብቻውን ነው፤ የዘበኛውን መልስ ይዞ ተመለሰ። ርእሰ መምህሩን አላገኘም፤ ማግኘት እንደሚችልም የነገረው ሰው የለም። የሚቀጥለው ሰኞ አብረን ልንሄድ ተቀጣጠርን። አገር ቤት የነበረውን ትምህርት ቤት ስም ወረቀት ላይ እንዲጽፍልኝ ብዕሬን ሰጠሁት። ጣቶቹ ቀለም ነክቷቸው ስለነበር መጀመሪያ በሱሪው ጠረጋቸው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ፊደል እያስተካከለ ጻፈልኝ።